ተጠግኖ የሚመላለስ የፍሪሲዮንና የፍሬን ችግር፦ የስፖርት መኪና ላላችሁ ደረጃ በደረጃ መመሪያ

አንድ ዕቃ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ከተቀየረ፣ ችግሩ መጀመሪያውንም ከዕቃው አልነበረም። እኔ ይህን ለማወቅ ብዙ ገንዘብ አውጥቻለሁ። እናንተ እንዳታወጡ ብዬ ነው የምጽፈው።

መኪናዬ የ2004 ቢኤምደብሊው ኤም 3 ናት። ኢ46 የሚባለው፣ ከ2000 እስከ 2006 የተመረተው ዓይነት ነው። 3.2 ሊትር ሞተር፣ 6 ሲሊንደር፣ 343 የፈረስ ጉልበት። ማርሿ በእጅ ነው። የምኖረው ጀርመን ውስጥ፣ ፍራንክፈርት አጠገብ ነው። በአንድ በጋ መንገድ ተዘጋግቶ ፍሪሲዮን ስረግጥና ስለቅ ከቆየሁ በኋላ ፔዳሉ ወለል ላይ ቀረ። በእግሬ ጣት ከሥሩ ስቤ አነሳሁት። ጋራዥ ወሰድኳት፤ የታችኛው የፍሪሲዮን ፖምፓ (የዘይቱን ግፊት ተቀብሎ ፍሪሲዮኑን የሚገፋው) ተቀየረ። ሦስት ወር በሰላም ሄደች። ከዚያ ያው ችግር ተመለሰ። ያው ፖምፓ እንደገና ተቀየረ። በዚያው ዓመት ደግሞ በፍጥነት እየሄድኩ ፍሬን ስይዝ መሪው ይንቀጠቀጥ ጀመር። የፊት ዲስኮችም ሁለት ጊዜ ተቀየሩ።

መኪናዋ አልበደለችኝም። ዕድሜ ያለው መኪና ጎማ ነክ ነገሩ ይደርቃል፣ ዘይቱ ያረጃል። ስህተቱ ምክንያቱን ሳንፈልግ ዕቃ መቀያየራችን ነበር። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል በኋላ ላይ እኔ ራሴ የሄድኩበት ነው። ምሳሌዬ ይቺው መኪና ናት። ሐሳቡ ግን ፍሪሲዮኑ በዘይት ግፊት ለሚሠራ ማንኛውም የስፖርት መኪና ይሆናል።

ከመጀመራችሁ በፊት

ክሪክ መኪና ለማንሳት እንጂ ለመያዝ አልተሠራም። ከመኪና ሥር ከመግባታችሁ በፊት በጠንካራ መደገፊያ ላይ አስቀምጧት። መሬቱ ደልዳላና ጠንካራ ይሁን። ጀርመን ያላችሁ ሰዎች ሚትቬርክሽታት የሚባለውን ተጠቀሙ። ሊፍትና መሣሪያ በሰዓት የሚያከራይ ጋራዥ ነው። እኔ አብዛኛውን ሥራ የሠራሁት እዚያ ነው። አጠገባችሁ ሌላ የሚሠራ ሰው መኖሩ ራሱ ዋስትና ነው።

የሚያስፈልጋችሁ ነገር ብዙ አይደለም። ደህና የቁልፍ ስብስብ፣ ኃይል የሚለካ የቶርክ ቁልፍ፣ ግልጽ የሆነ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ፣ ጠርሙስ፣ ጓንት፣ የእጅ ባትሪ፣ ከርቀት ሙቀት የሚለካ ትንሽ መሣሪያ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ ያልተከፈተ የፍሬን ዘይት። የፍሬን ዘይት ቀለም ይልጣል። መኪናው ላይ ከፈሰሰ ወዲያው በብዙ ውኃ እጠቡት።

አንድ ነገር ደግሞ። ፔዳሉ እየሰመጠ ወይም ፍሬኑ እየላላ ከሆነ መኪናዋን እየነዱ መመርመር የለም። በመጎተቻ ውሰዷት።

1ኛ፦ ምልክቱን በወረቀት አስፍሩ

ይህን እርምጃ ሰው ሁሉ ይዘለዋል። እኔም ዘልዬው ነበር። “ፍሪሲዮኑ እንቢ ይላል” ብላችሁ ለመካኒክ ከነገራችሁት የሚቀይረው በብዛት የሚበላሸውን ዕቃ ነው። እሱን አትፍረዱበት። የነገራችሁት ያንን ብቻ ነው።

ችግሩ በመጣ ቁጥር እነዚህን ጻፉ። ሞተሩ ቀዝቃዛ ነበር ወይስ ሞቆ ነበር? ከተነሳችሁ ስንት ደቂቃ ሆነ? ፔዳሉ መጀመሪያ ሲረገጥ ነው የሰመጠው ወይስ ደጋግማችሁ ከረገጣችሁ በኋላ? ሁለት ሦስት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ስትረግጡት ተሻለው? የውጪው ሙቀት ስንት ነበር? መሪው የሚንቀጠቀጠው በስንት ኪሎ ሜትር ፍጥነት ነው? ንዝረቱ በመሪው ነው የሚሰማችሁ ወይስ በመቀመጫው?

እኔ ሁለት ሳምንት ጻፍኩ። ወረቀቱ ላይ አንድ ነገር ጎልቶ ወጣ። ጠዋት ላይ ፍሪሲዮኑ አንድም ቀን አስቸግሮኝ አያውቅም። ሁልጊዜ ከ40 ደቂቃ በኋላ፣ ሁልጊዜ ሙቀት ባለበት ቀን ነበር። ደጋግሜ ስረግጠው ደግሞ ይመለሳል። ያ ወረቀት ከሁለቱ ፖምፓዎች የበለጠ ጠቅሞኛል።

2ኛ፦ ከዘይቱ ጀምሩ

በዚህች መኪና ላይ ፍሪሲዮኑና ፍሬኑ የሚጠጡት ከአንድ ማጠራቀሚያ ነው። ጎልፍ ጂቲአይን ጨምሮ ብዙ የአውሮፓ መኪኖች እንዲሁ ናቸው። ሞተሩ ላይ የምታዩት ያ ግልጽ የፕላስቲክ ዕቃ ከጎኑ አንዲት ቀጭን ቱቦ ትወጣለታለች። የፍሪሲዮኑ መስመር እሷ ናት። የምትወጣው ከማጠራቀሚያው ከፍ ካለ ቦታ ነው። ስለዚህ ፍሪሲዮኑ ቢያፈስ ለፍሬኑ የሚሆን ዘይት ከሥር ይቀራል። ጥሩ አሠራር ነው። ግን ከዚህ አንድ ትምህርት ውሰዱ። የፍሬን ዘይቱ እየቀነሰ ጎማዎቹ ጋ ምንም እርጥበት ካላያችሁ፣ የሚያፈሰው ፍሪሲዮኑ ሊሆን ይችላል።

የፍሬን ዘይት ውኃ ይስባል። በጎማ ቱቦዎቹና በክዳኑ በኩል ከአየር ላይ እርጥበት ቀስ በቀስ ይገባዋል። ውኃ ሲገባው የሚፈላበት ሙቀት ይወርዳል። ቁጥሩን እንየው። ዶት 4 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይፈላ መቆየት አለበት። 3.7 በመቶ ውኃ ሲገባው ግን የሚጠበቅበት 155 ብቻ ነው። ዶት 3 ከ205 ወደ 140 ይወርዳል። ዶት 5.1 ከ260 ወደ 180። ዘይቱ ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል። እንፋሎት ደግሞ እንደ ዘይት አይደለም፤ ሲጫኑት ይጨመቃል። እግራችሁ ይወርዳል፣ ግፊቱ ግን ጎማው ጋ አይደርስም።

ለዚህ ነው ዘይቱ በየ2 ዓመቱ መቀየር ያለበት። መኪናዋ ቆማ ብትውልም ያው ነው። ዶት 5 ተብሎ የሚሸጠው ሲሊኮን ያለበት ዘይት ግን ሌላ ነገር ነው። ከዶት 4 ጋር አይቀላቀልም። ቁጥሩ ስለተቀራረበ ብቻ ከዶት 5.1 ጋር እንዳታምታቱት።

አሁን ወደ እኔ ጉዳይ ልመልሳችሁ። በሰርቪስ ደብተሬ ላይ የፍሬን ዘይት መቀየሩ ተመዝግቧል፤ ማህተምም አለው። አራቱም ጎማ ጋ ያለው ዘይት እንደ ነጭ ማር የጠራ ነበር። ከዚያ ግልጹን ቱቦ የታችኛው የፍሪሲዮን ፖምፓ ላይ ሰክቼ የአየር ማስወጫ ቡሎኑን ትንሽ ላላ አደረግኩት። የወጣው ነገር የቡና አተላ ነበር የሚመስለው። ጥቁር፣ ውስጡ ደቃቅ ነገር የሚንሳፈፍበት። ዘይቱ ሲቀየር አራቱን ጎማ ጨርሰው ፍሪሲዮኑን ረስተውታል። ይህ በጣም የተለመደ ነው። ስለዚህ ጋራዥ ስትሄዱ “የፍሪሲዮኑም መስመር ይውጣ” ብላችሁ በግልጽ ተናገሩ።

የታችኛው ፖምፓ የተቀመጠው ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ጎን ነው። የካምቢዮውና የጭስ ማውጫው ሙቀት ያገኘዋል። በውስጡ ያለው ዘይት ደግሞ ጥቂት ነው። አሮጌ ዘይት፣ ሙቀት፣ ተደጋጋሚ መርገጥ አንድ ላይ ሲገናኙ ፔዳሉ ወለል ላይ ቢቀር አይገርምም። በፔዳሉ ላይ እግርን የሚያግዝ ስፕሪንግም አለ። የዘይቱ ግፊት ሲደክም ያ ስፕሪንግ ፔዳሉን ወደ ታች ይዞት ይቀራል።

3ኛ፦ ፍሪሲዮኑ የያዘው የትኛው በሽታ ነው?

የፍሪሲዮን ችግር ሁለት ነው። ወይ በደንብ አይይዝም፣ ወይ በደንብ አይለቅም። ሁለቱን ማምታታት ብዙ ገንዘብ ያስወጣል። የመጀመሪያው በአብዛኛው ካምቢዮ ማውረድ ይጠይቃል። ሁለተኛው ግን ብዙ ጊዜ ካምቢዮ ሳይወርድ ይፈታል።

መያዙን እንዲህ ፈትኑ። ባዶ በሆነ መንገድ በ4ኛ ማርሽ፣ 2,500 ዙር አካባቢ ላይ ሆናችሁ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ስጡት። የሞተሩ ዙር ሽቅብ ወጥቶ ፍጥነቱ ካልተከተለው ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። የፍሪሲዮኑ ሸራ አልቋል፣ ወይም ከሞተሩ የኋላ ጎሚኒ (ዘይት የሚያግድ የጎማ ቀለበት) ዘይት እየወጣ ሸራውን አርሶታል። ዘይት ከነካው ሸራውን ብቻ መቀየር ዋጋ የለውም። ጎሚኒው ካልተቀየረ በወራት ውስጥ ተመልሳችሁ እዚያው ናችሁ። ካምቢዮው አንዴ ከወረደ ኩሽኔታውም (ፍሪሲዮኑን የሚያላቅቀው) ቮላኖውም (ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ከባድ ክብ ብረት) አብረው ይታዩ። ለጥቂት ዩሮ ብላችሁ አሮጌ ኩሽኔታ መልሳችሁ እንዳታስገጥሙ።

መልቀቁን ደግሞ እንዲህ ፈትኑ። ሞተሩ ሞቆ፣ መኪናዋ ቆማ፣ ፍሪሲዮኑን እስከ ወለል ረግጣችሁ 10 ሰከንድ ቆዩ። ከዚያ የኋላ ማርሽ አስገቡ። ከተንኮራኮረ፣ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም። እግራችሁን ሳታነሱ ግማሽ ደቂቃ ያህል ጠብቁ። መኪናዋ ቀስ ብላ መንፏቀቅ ከጀመረች ግፊቱ በሆነ ቦታ እያመለጠ ነው።

የእኔዋ ተንፏቀቀች። ስለዚህ ጥያቄው “ዘይቱ የሚያመልጠው የት ነው?” የሚል ሆነ። የታችኛው ፖምፓ አዲስ ነው፣ ደረቅም ነው። ካምቢዮው ሥር ጠብታ የለም።

መልሱ የተገኘው መኪናው ውስጥ ነው። በሾፌሩ በኩል ያለውን ምንጣፍ ገለጥኩት። ከዚያ በጀርባዬ ተኝቼ፣ ጭንቅላቴን ከመሪው ሥር አስገብቼ፣ ባትሪዬን ወደ ላይ አበራሁ። ከፔዳሉ ወደ ላይኛው ፖምፓ (ግፊቱን ወደሚፈጥረው) የሚገባ ቀጭን ዘንግ አለ። ዘንጉ ወደ ፖምፓው በሚገባበት ቦታ ላይ ጎማው ያብለጨልጭ ነበር። በነጭ ሶፍት ጠረግኩት። ሶፍቱ ላይ ቡናማ ክብ ወጣ። በጣቴ ሳሸው ያሙለጨልጫል። ከዘንጉ በታች የፔዳሉ ብረት ቀለሙ ተልጦ፣ አንዲት ቀጭን መስመር እስከ ታች ወርዳለች። ምንጣፉ ሥር ያለው ስፖንጅ ደግሞ ረጥቧል። የላይኛው ፖምፓ ወደ ውስጥ ሲያፈስ ከርሟል ማለት ነው። ሁለት ጊዜ የቀየርነው የታችኛውን ነው።

የላይኛው ፖምፓ ምንም ሳያፈስም ሊደክም እንደሚችል አስታውሱ። የውስጥ ጎሚኒው ሲያልቅ ዘይቱ በፒስተኑ ዙሪያ አልፎ ወደ ኋላ ይመለሳል። ከውጭ የሚታይ ነገር የለም። ፔዳሉ ግን ቀስ እያለ ይሰምጣል። ከታች ያለው ጎማ ቱቦም ያረጃል። ሲሞቅ ይነፋል፤ ሰው ሲረግጥላችሁ በእጃችሁ ብትይዙት መነፋቱ ይታወቃችኋል። ፔዳሉ የሚዞርባቸው የፕላስቲክ ቀለበቶችም ካለቁ የእግራችሁ ጉዞ በከንቱ ይባክናል። ሲጢጥ የሚል ፔዳል ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

እኔ የላይኛውን ፖምፓና ቱቦውን አንድ ላይ ቀየርኩ። ጀርመን ውስጥ ዕቃ ስታዙ የላይኛው ጌበርትሲሊንደር፣ የታችኛው ኔመርትሲሊንደር ይባላል። ስሙን ካምታታችሁ ያልፈለጋችሁት ዕቃ ነው የሚመጣላችሁ። በቱቦውና በታችኛው ፖምፓ መካከል የዘይቱን መመለስ የምታዘገይ ትንሽ ቫልቭም አለች። ብዙ ሰው ያወጣታል። ፍሪሲዮኑ ቶሎ ይይዛል። ይህ ግን የምርጫ ጉዳይ እንጂ ጥገና አይደለም። የሚሰምጥ ፔዳልን አያድንም።

4ኛ፦ የፍሪሲዮኑን አየር አስወጡ

ሥራው ቀላል ይመስላል፤ ግን ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። የታችኛው ፖምፓ በቦታው እንዳለ አየሩ ሙሉ በሙሉ ላይወጣ ይችላል። ፒስተኑ ጀርባ አየር የሚደበቅበት ጉድጓድ አለ።

መጀመሪያ ማጠራቀሚያውን እስከ ላይኛው ምልክት ሙሉት። የፍሪሲዮኑ ቱቦ የሚወጣው ከፍ ካለ ቦታ ስለሆነ ዘይቱ ትንሽ ሲጎድል አየር ይስባል። በየጥቂት ደቂቃው እየጨመራችሁ ሥሩ። በግፊት የሚሠራ መሣሪያ ካላችሁ ከ2 ባር አታሳልፉት።

ከዚያ የታችኛውን ፖምፓ ከካምቢዮው ፍቱት። በሁለት ባለ 13 ዳዶ ነው የታሰረው። ቱቦውን አትንቀሉ። ፖምፓውን የአየር ማስወጫ ቡሎኑ ወደ ላይ እንዲያይ አድርጋችሁ ያዙት። ዘንጉን በእጃችሁ ቀስ አድርጋችሁ እስከ መጨረሻው ወደ ውስጥ ግፉት። እንደተገፋ ያዙትና ቡሎኑን ክፈቱ። ግልጹ ቱቦ ውስጥ አረፋ ሲያልፍ ታያላችሁ። አረፋው አልቆ የጠራ ዘይት ብቻ ሲመጣ ዝጉት።

ፖምፓው ተፈትቶ ሳለ ማንም ሰው ፔዳሉን እንዳይረግጥ። ከተረገጠ ፒስተኑ ተፈናጥሮ ይወጣል፤ ሥራው እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። እኔ ሁልጊዜ በመሪው ላይ “አትርገጥ” የሚል ወረቀት እለጥፋለሁ።

መልሳችሁ ካሰራችሁት በኋላ ፔዳሉን ቀስ ብላችሁ አሥር ጊዜ ያህል ርገጡ። ከዚያ የኋላ ማርሹን ፈተና ድገሙት፤ ሞተሩ ሞቆ ማለቴ ነው። ቀዝቃዛ ሞተር ላይ የተሳካ ፈተና ምንም አይነግራችሁም።

5ኛ፦ ፍሬኑ፦ እግራችሁ የሚነግራችሁን ስሙ

ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ከሆነ ውስጡ አየር አለ። ረግጣችሁ ስትይዙት ቀስ እያለ የሚሰምጥ ከሆነ ወይ የሆነ ቦታ ያፈሳል፣ ወይ የፍሬን ማስተሩ (የፍሬኑ ዋና ፖምፓ) በውስጡ ያሳልፋል። የመጀመሪያው ርግጫ ረዥም ሆኖ ሁለተኛው ደህና ከሆነ የጎማ ኩሽኔታውን (ጎማው የሚዞርበትን) ተመልከቱ። ኩሽኔታው ሲላላ ዲስኩ እየተወዛወዘ ሸራውን ወደ ኋላ ይገፋዋል። ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ከጠነከረ ደግሞ አጋዡን (ፍሬን ስትረግጡ ለእግራችሁ ኃይል የሚጨምረውን) ፈትኑ። ሞተሩ ጠፍቶ ፔዳሉን ብዙ ጊዜ ርገጡ፣ ረግጣችሁ ያዙ፣ ሞተሩን አስነሱ። ፔዳሉ ትንሽ ዝቅ ካለ አጋዡ ይሠራል።

የፍሬኑን አየር ስታስወጡ ከማጠራቀሚያው በጣም ከሚርቀው ጎማ ጀምሩ። መሪው በግራ በሆነ መኪና ቀኝ ኋላ፣ ግራ ኋላ፣ ቀኝ ፊት፣ ግራ ፊት ነው ቅደም ተከተሉ። በዚያው አጋጣሚ በመኪናዋ ሆድ ሥር የሚያልፉትን የብረት ቧንቧዎች በባትሪ ተከታተሉ። እዚህ አገር ክረምት ላይ መንገድ ላይ ጨው ይበተናል፤ ጨው ቧንቧ ይበላል። ቧንቧው ላይ የተነፋፋ ዝገት ካያችሁ አትጠብቁ። በየ2 ዓመቱ በሚደረገው ምርመራ መውደቅ ቀላሉ ነው። ከባዱ አውቶባን (ፈጣን መንገድ) ላይ ነው የሚገጥማችሁ።

አሁን ወደ መንቀጥቀጡ። “ዲስኩ ጎብጧል” የሚለውን ቃል ሁሉም ይለዋል። እውነት ለመናገር ዲስክ የሚጎብጠው ሰዎች እንደሚያስቡት አዘውትሮ አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ሌላ ነው። ሸራው በሙቀት ዲስኩ ላይ እኩል ያልሆነ ሽፋን ይተዋል፤ ወይም ዲስኩ ሲገጠም ቀጥ ብሎ አልተቀመጠም። አንዱ ቦታ ወፈር፣ ሌላው ቀጠን ይላል። ልዩነቱ በዓይን አይታይም። በ120 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ላይ ግን መሪውን ያራግበዋል። አዲስ ዲስክ ስታስገቡ ለጥቂት ጊዜ ይጠፋል። ምክንያቱ እዚያው ስላለ ተመልሶ ይመጣል።

ዲስኩን ስታወርዱ ዲስኩ የሚያርፍበትን ብረት ተመልከቱ። የእኔው ላይ ዝገቱ እንደ ቅርፊት ተደራርቦ ነበር። ሁለት ጊዜ አዲስ ዲስክ ሲገጠም ማንም አልጠረገውም። በሽቦ ብሩሽ ብረቱ እስኪያበራ ድረስ ፈግፍጉት። በቡሎኖቹ ቀዳዳ ዙሪያ ያለውን በተለይ። ከአንድ ፀጉር ውፍረት ያነሰ ዝገት መሀል ላይ ቢሆን፣ ዲስኩ ጫፍ ላይ ሲደርስ ይሰፋል። ከዚያ ዲስኩን አስራችሁ በመለኪያ ሰዓት (ትንሽ መወዛወዝን በቀስት በሚያሳይ መሣሪያ) እያዞራችሁ ፈትኑት። መለኪያው ከሌላችሁ ጋራዥ ውስጥ ይህን ብቻ እንዲለኩላችሁ ጠይቁ። አሮጌውን ዲስክ መልሳችሁ ከማስገባታችሁ በፊት ጠርዙ ላይ የተቀረጸውን ዝቅተኛ ውፍረት አንብቡ። የእኔዋ የፊት ዲስክ አዲስ ሲሆን 325 ሚሊ ሜትር ስፋትና 28 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው።

ካሊፐሩ (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጨምቀው) የሚንሸራተትባቸውን ሁለት ፒኖች አውጥታችሁ ጥረጉ። በዚህች መኪና ላይ ፒኖቹ ንጹሕና ደረቅ ሆነው ነው የሚገቡት። “ላለስልሰው” ብሎ ግሪስ የሚቀባ ሰው አለ። ግሪሱ የፒኑን ላስቲክ ያሳብጠዋል፤ ፒኑ ይጣበቃል። ከዚያ አንዱ ሸራ ያልቃል፣ ሌላው አዲስ እንደሆነ ይቀራል። የሁለቱ ሸራ አበላል ከተለያየ ፒኖቹን ጠርጥሩ።

ዝገቱን ከጠረግኩ በኋላ መንቀጥቀጡ ግማሽ ያህል ቀነሰ። ግማሹ ግን ቀረ። የቀረው ያለው ፍሬኑ ላይ አልነበረም። የፊት ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዘው ክንድ ጫፉ ላይ ትልቅ ላስቲክ አለው። የኢ46 መኪኖች አንዱ የታወቀ ድክመት እሱ ነው። ሲቀደድ ክንዱ ይላላል። ፍሬን ስትይዙ ጎማው ወደ ኋላና ወደ ፊት ይላወሳል። ጤነኛ መኪና የሚውጠውን ትንሽ ንዝረት ይህ አጉልቶ መሪው ላይ ያደርሰዋል። ረዥም ብረት አስገብታችሁ ክንዱን ነቅነቅ አድርጉት፤ ላስቲኩ ላይ ስንጥቅ ከተከፈተ አገኛችሁት። ግራና ቀኙን አንድ ላይ ቀይሩ። ከዚያ የጎማ አሰላለፍ አስደርጉ። እኔ ይህን ካደረግኩ በኋላ ያ መሪ አልተንቀጠቀጠም። ቢያንስ አንዱ ጥንድ ዲስክ ያለ ጥፋቱ ተጥሏል።

አንድ ጎማ ብቻ የሚሞቅ ከሆነ ምርመራው አጭር ነው። 20 ደቂቃ ያህል ፍሬን ሳታበዙ ንዱ። ቆማችሁ የግራና የቀኝ ዲስኮችን ሙቀት በመለኪያው አወዳድሩ። ልዩነቱ ጎልቶ ከታየ ያንን ጎማ አንሱና በእጅ አዙሩት። እንቢ ካለ የአየር ማስወጫ ቡሎኑን ትንሽ ክፈቱ። ዘይት ፊጭ ብሎ ጎማው ከተለቀቀ ግፊት ታስሮበት ነበር። አሮጌ የፍሬን ቱቦ ውስጡ ያብጥና ዘይቱን አሳልፎ አይመልስም። ከውጭ ስታዩት ደህና ነው የሚመስለው። ቡሎኑ ተከፍቶም ካልተለቀቀ ግን የካሊፐሩ ፒስተን ወይም ፒኖቹ ዝገዋል። የኋላ ጎማ ከሆነ የእጅ ፍሬኑን አትርሱ። በዚህች መኪና የእጅ ፍሬኑ በኋላ ዲስክ ውስጥ የተደበቀ ትንሽ ታምቡር ነው።

6ኛ፦ በፍጥነት ለምትነዱ

የስፖርት መኪና ፍሬን የሚፈተነው በሙቀት ነው። ከእኛ ዘንድ ብዙ ልጆች ኑርቡርግሪንግ የሚባለው የመኪና ውድድር ቦታ ይሄዳሉ። በ1927 የተከፈተው የኖርድሽላይፈ መንገድ 20.8 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከፍሎ ማንም ሰው በራሱ መኪና ይገባበታል። ቁልቁለቱና ኩርባው ፍሬን አያሳርፍም። አሮጌ ዘይት ይዞ መግባት ከራስ ሕይወት ጋር መጫወት ነው፤ የሌላውም ሰው ሕይወት አለበት። አገር ቤት የነዳችሁ ታውቁታላችሁ። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ አዋቂ ሾፌር ማርሽ ዝቅ አድርጎ በሞተር ይይዛታል እንጂ ፍሬን ላይ ተኝቶ አይወርድም። እዚህም ሕጉ ያው ነው።

ከመሄዳችሁ በፊት ዘይቱን አሳድሱ። ሸራው ከግማሽ በታች ከሆነ ቀይሩ፤ ስስ ሸራ ሙቀቱን ቶሎ ወደ ዘይቱ ያሳልፋል። አንድ ዙር ስትጨርሱ ወዲያው አትቁሙ። አሥር ደቂቃ ያህል በዝግታ ነድታችሁ ነፋስ ይምታው። ስትቆሙ የጋለው ዲስክ ላይ ሸራውን ጨምቃችሁ አትተዉት፤ ያ እኩል ያልሆነ ሽፋን የሚፈጠረው እንዲህ ነው። ማርሽ ውስጥ ትታችሁ እግራችሁን ከፍሬኑ አንሱ። ፔዳሉ በመሀል ከረዘመባችሁ ዙሩ እዚያ ላይ ያልቃል። “አንድ ልጨምር” አይባልም።

ፍሪሲዮኑንም የሚበላው ልማድ ነው። ዳገት ላይ መኪናውን በፍሪሲዮን ይዞ መቆም፣ ሲነዱ እግርን ፔዳሉ ላይ ማሳረፍ። ዳገት ላይ የእጅ ፍሬን ያዙ። የግራ እግራችሁ ማረፊያ አለው፤ እዚያ አስቀምጡት።

7ኛ፦ አዲሱን ዕቃ አለማምዱ፣ ከዚያ ተከታተሉ

አዲስ ሸራና ዲስክ መለማመድ ይፈልጋሉ። ባዶ መንገድ ላይ ከ100 ወደ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ጠንከር ባለ ግን ጎማ በማይቆልፍ ርግጫ ቀንሱ። ሙሉ በሙሉ አትቁሙ። እንደገና አፍጥኑ። ከስምንት እስከ አሥር ጊዜ ድገሙት። ከዚያ አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ፍሬን ሳትነኩ ነድታችሁ አቀዝቅዙት። ሽታ ይኖራል፤ አትደንግጡ።

የጎማ ቡሎኖችን በቶርክ ቁልፍ በ120 ኒውተን ሜትር እሰሩ፤ ይህ ለኢ46 ነው። የሌላ መኪና ቁጥር ከመጽሐፉ ይታያል። ከመቶ ኪሎ ሜትር በኋላ ደግማችሁ ፈትኑ። በአየር መሣሪያ ዝም ብሎ መጠርቀም ዲስኩን ያጣምማል።

መጨረሻ ላይ ማጠራቀሚያው ጎን ላይ፣ ዘይቱ በደረሰበት ልክ፣ ቀጭን ፕላስተር ለጥፉ። ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን ጻፉበት። በማግስቱ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ተመልከቱ። ከሳምንት በኋላ ተመልከቱ። ከወር በኋላም። ሸራ እያለቀ ሲሄድ ዘይቱ በጣም በዝግታ ይወርዳል፤ ያ ጤነኛ ነው። በሳምንት ውስጥ ከፕላስተሩ በታች ከወረደ ግን ምንጣፉን ገልጣችሁ በነጭ ሶፍት ከዘንጉ ጀምሩ።

የተረፈውን አሮጌ ዘይት ወደ ፍሳሽ አትድፉት። በጠርሙስ ከድናችሁ አደገኛ ቆሻሻ ወደሚቀበሉበት ማዕከል ውሰዱት። የከፈታችሁትን አዲስ ጠርሙስ ደግሞ ለሚቀጥለው ዓመት አታስቀምጡ። ክዳኑ አንዴ ከተከፈተ እርጥበት መሳብ ጀምሯል።